ፕሮጀክቱ ሲዘጋ ልጁ ስንተኛ ክፍል ነው?

በለጋሾችና በአሳዳጊ ቤተሰቦች ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር



የተከበራችሁ ለጋሾች፣ የተከበራችሁ እናቶችና አሳዳጊዎች፤

ወደ ቢሯችን የሚመጡ እናቶች «የእኔ ልጅ በየትኛው ፕሮጀክት ነው ያለው?» ብለው መጠየቅ ከጀመሩ ሰነበቱ። ቃሉ ከየት መጥቶ እኛ ዘንድ እንደ ደረሰ ጥቂት ልናገር።

ፕሮጀክት ማለት መጀመሪያና መጨረሻው የታወቀ፣ በጀቱና ውጤቱ አስቀድሞ የተወሰነ ሥራ ነው። ድልድይ መሥራት ፕሮጀክት ነው፤ ድልድዩን በየዓመቱ እየጠገኑ ማቆየት ግን አይደለም። አሠራሩ በአመዛኙ የግንባታና የጦር መሣሪያ ሥራ ነበር። ኋላ ፋብሪካዎችም ገቡበት። የፈረንሳዩ ሬኖ እ.ኤ.አ. በ1989 ለአዳዲስ የመኪና ሞዴሎች ሰፊ ሥልጣን ያላቸው የፕሮጀክት ኃላፊዎችን ሾመ፤ ትዊንጎ የተባለችው መኪና በዚህ መንገድ ተሠርታ በ1993 ገበያ ላይ ዋለች። የእርዳታው ዓለምም አልቀረም። የአሜሪካ የተራድኦ ድርጅት በ1960ዎቹ መጨረሻ ያሠራው፣ ግብንና መለኪያን በአንድ ሰንጠረዥ የሚያሰፍረው ቅጽ እስከ ዛሬ ከጠረጴዛችን አልወረደም።

ጥቅሙን አልክድም። ለጋሹ «ገንዘቤ የት ገባ?» ሲል በቁጥር የተደገፈ መልስ ያገኛል። ይህም የአማና ጉዳይ ነው።

ነገር ግን ከጥቂት ዓመታት በፊት የሦስት ዓመት የትምህርት ድጋፍ አግኝተን ነበር። ሰኔ ላይ ተዘጋ። ደብተሩም፣ ዩኒፎርሙም፣ የተማሪውም ቁጥር በዕቅዱ መሠረት ስለ ተፈጸመ ሪፖርቱ ያማረ ነበር። መስከረም ላይ አንዲት እናት ልጇን ይዛ መጣች። ልጁ ሰባተኛን አልፏል፤ የለበሰው ያንኑ ዩኒፎርም ነው፤ እጅጌው ከክርኑ ብዙም አልወረደም። ፕሮጀክቱ ማለቁን ነገርኳት። «ታዲያ ስምንተኛን ማን ያስተምረው?» አለችኝ። የምመልስላት አልነበረኝም። ያን የመሰለውን ሪፖርት የጻፍኩት እኔው ነበርኩ።

በሱረቱ አን-ኒሳእ 6ኛው አንቀጽ የየቲም ገንዘብ ጠባቂ ኃላፊነቱ መቼ እንደሚያበቃ ተነግሮታል። ማብቂያ አለው፤ ማብቂያው ግን በዘመን መቁጠሪያ ላይ የተከበበ ቀን አይደለም። ልጁ እየተፈተነ ለጋብቻ ዕድሜ ሲደርስ፣ ብስለቱም ሲታይ፣ ገንዘቡ በምስክር ፊት ይሰጠዋል። የሚለካው ልጁ ነው። ዑመር ኢብኑል ኸጧብም (ረ.ዐ.) በኸይበር ያገኙትን መሬት ወቅፍ ሲያደርጉ፣ መሬቱ ሳይሸጥና ሳይወረስ ፍሬው ለችግረኞች እንዲውል ነበር።

ያደጉት ልጆቻችንም ሥራ ሲይዙ የሚገጥማቸው ይኸው ፕሮጀክት ስለ ሆነ ለቤተሰቦች አንድ ነገር ልጨምር። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሥራ ውል በመርሕ ደረጃ ላልተወሰነ ጊዜ እንደ ተደረገ ይቆጠራል፤ ለተወሰነ ጊዜ ወይም ሥራ መቅጠር የሚቻለው በአንቀጽ 10 በተዘረዘሩት ሁኔታዎች ነው። ስለዚህ ልጃችሁ ከመፈረሙ በፊት የውሉን ማብቂያ አብራችሁ አንብቡ። የፕሮጀክት ሥራ አትያዙ ማለቴ አይደለም፤ ብዙ ሙያ የሚገኘው እዚያው ነው።

ወደ ጀመርኩት ልመለስና፣ ለጠቅላላ ጉባኤው የማቀርበው ሐሳብ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ማናቸውንም የጊዜ ገደብ ያለው ድጋፍ ከመቀበላችን በፊት ድጋፉ በሚዘጋበት ቀን እያንዳንዱ ልጅ ስንተኛ ክፍል እንደሚሆን በስሙ ትይዩ ይጻፍ። ሁለተኛ፣ ከወርሃዊ መዋጮአችሁ የተወሰነው ከፕሮጀክት ሒሳብ ተለይቶ ይቀመጥና በመካከል የተቋረጠበትን ልጅ ይያዝ። ስንት እጅ ይሁን የሚለውን እናንተ ትወስናላችሁ። የዚህ ዓመት ዝርዝር በጸሐፊው እጅ ስለሚገኝ ከዙህር ሶላት በኋላ እየመጣችሁ ተመልከቱት።