በጥቂት ገንዘብ ማድ ቤትን ስለ ማደስ የተደረገ ንግግር



ማእድ ማለት በግእዝ ቋንቋ ገበታ ማለት ነው። ማድ ቤትም ስሙን ያገኘው ከዚሁ ቃል ነው። እንግዲህ የቀድሞ ሰዎች ቤቱን ሲሰይሙት ከውስጡ በሚወጣው በመልካሙ ነገር፣ በገበታው ጠሩት እንጂ በውስጡ በሚቀረው በጢሱ አልጠሩትም። በእልፍኝ ለተቀመጠ እንግዳ የሚደርሰው ገበታው ነው፤ ጢሱ ግን በጉልቻው ፊት ለተቀመጠችው ሴት ይቀርላታል። የዚህ ንግግር ነገር ገንዘቡ ጥቂት የሆነ ሰው ማድ ቤቱን ለማደስ ባሰበ ጊዜ ከምን መጀመር እንደሚገባው ነው።

ብዙ ሰው ጥቂት ገንዘብ ባገኘ ጊዜ አስቀድሞ የሚያድሰው የእንግዳ መቀበያውን ነው። መጋረጃው ይለወጣል፤ ወንበሩ ይገዛል፤ ግድግዳው ቀለም ይቀባል። ማድ ቤቱ ግን በጓሮ ስለ ሆነ ማንም አያየውምና ለከርሞ ይባላል፤ ከርሞም ሲደርስ ለሌላ ከርሞ ይቀጠራል። እንዲህ ሲባል ልጆች ያድጋሉ፤ የእናትም ዓይን ይደክማል። ይህም የሚሆነው ከክፋት የተነሣ አይደለም፤ ዓይን ያላየውን ልብ ስለማያስበው ነው እንጂ።

ደግሞም ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም የሚል ተረት አለ። ነገሩ ስለ ወጥ ጣዕም ከሆነ ተረቱ እውነት ነው። ስለ እንጨት ወጪ፣ ስለ ዓይንና ስለ ሳንባ ከሆነ ግን ጉልቻን መለወጥ ብዙ ያደርጋል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ ገለጸው በቤት ውስጥ ከሚነድ እንጨት፣ ከሰል፣ ኩበትና ይህን ከመሰለ ማገዶ በሚወጣው ጢስ ምክንያት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2020 ዓ.ም. በዓለም ላይ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ሞተዋል። ከነዚህም ውስጥ ከ237 ሺህ የሚበልጡት ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች የሆነ ሕፃናት ነበሩ። ሕፃን በእናቱ ጀርባ ታዝሎ እርስዋ የምትተነፍሰውን አየር ይተነፍሳልና።

በወንጌል ግንብ ሊሠራ የወደደ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን እንደሚቈጥር ተነግሯል። ምክሩ ለማድ ቤትም ያገለግላል። ነገር ግን ቈጠራው ከቆርቆሮና ከምስማር ዋጋ አይጀምርም፤ በቤቱ ውስጥ ከሚደክመው ሰው ድካም ይጀምራል። ስለዚህ ግንበኛና አናጢ ሳይጠሩ የቤቱ ጌታ እንጀራ በሚጋገርበት ቀን ከጧት ጀምሮ በማድ ቤቱ ተቀምጦ ይመልከት። ጢሱ ወዴት ይሄዳል? ውሃ ስንት ጊዜ ከደጅ ይቀዳል? ጋጋሪዋ ስንት ጊዜ ታጎነብሳለች? ሕፃኑስ ወደ እሳቱ የሚድኸው በየት በኩል ነው? ከዚህ በኋላ ባለቤቲቱን ይጠይቃት። እርስዋ ያልተጠየቀችበት እድሳት ለተመልካች ያምራል፤ ለሠራተኛ ግን አይመችም። አንዳንድ ጊዜም እርስዋ የምትፈልገው ነገር የቤቱ ጌታ ሊገዛው ካሰበው በብዙ ይረክሳል።

ከዚህም ቀጥሎ የሥራው ተራ ይመጣል። አንደኛው የጢስ መውጫ ነው። ትኩስ አየር ወደ ላይ መውጣት ተፈጥሮው ነው፤ ነገር ግን ከታች ሌላ አየር ካልገባ ከላይ ያለው በደንብ አይወጣም። ስለዚህ አንዱ ቀዳዳ ዝቅ ብሎ አየር የሚገባበት፣ ሁለተኛው ከጣራው ሥር ከፍ ብሎ ጢስ የሚወጣበት ሆኖ ሁለት ሊሆኑ ይገባል። ይህን ለመሥራት የአንድ ቀን ጉልበትና አሮጌ የመስኮት እንጨት ይበቃል። ከምድጃው ተነሥቶ ከጣራው በላይ የሚወጣ የቆርቆሮ ቧንቧ ቢጨመርበት እጅግ ይሻላል፤ ዝናብ እንዳይገባበትም በጫፉ ላይ ክዳን ይደረግለታል።

እዚህ ላይ ሽማግሌዎች የሚያነሡት ነገር አለ፤ ጢስ የሣሩን ክዳን ከተባይ ይጠብቃል፣ በቆጥ የተሰቀለውንም ዘር ነቀዝ እንዳይበላው ያደርጋል ይላሉ። ይህ እውነትነት ያለው ልማድ ነው፤ መናቅም አይገባውም። ነገር ግን ዘሩን ለብቻው ማጠን ይቻላል፤ ስለ ዘሩ ሰው ሁሉ ዕለት ዕለት ሊታጠን አይገባውም። ጣራው ቆርቆሮ ከሆነማ ምክንያቱም የለም። ቤቱ የሣር ክዳን ያለው ከሆነ ግን ቧንቧው ክዳኑን ነክቶ እሳት እንዳያስነሣ በግድግዳው በኩል ወጥቶ ከሣሩ መራቅ አለበት።

ሁለተኛው ምድጃው ነው። እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1980ዎቹ ዓመታት ምርጥ የተባለው የእንጀራ ምድጃ በኢትዮጵያ ተሠርቶ ወጣ። እርሱም ከሲሚንቶና ከቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ድቃቂ ወይም ከአሸዋ ተቀርጾ በየክፍሉ የሚገጣጠም ነው። እሳቱ እንደ ሦስት ጉልቻ እሳት በአራቱም ማዕዘን ስለማይበተን ግማሽ ያህል እንጨት ያድናል፤ ከኋላው በሚወጣው ትርፍ ሙቀትም ድስት ይጣድበታል። በከሰል ለሚሠራም ላቀች የተባለው፣ ከውጭ ቆርቆሮ ከውስጥ ሸክላ የሆነው ምድጃ ከቆርቆሮው ምድጃ ሩብ ያህል ከሰል ይቆጥባል። እንግዲህ ምድጃው የተገዛበት ዋጋ ከእንጨቱና ከከሰሉ ሒሳብ ላይ ቀስ በቀስ ይመለሳል። መጋረጃ ግን ዋጋውን አይመልስም።

ምድጃው በመሬት ላይ እንዳይቀመጥ ከድንጋይና ከጭቃ መደብ ይሠራለት። ድንጋዩ ከጓሮ፣ ጭቃውም ከጓሮ ነው። እሳቱ ከመሬት ከፍ ሲል የጋጋሪዋ ወገብ ያርፋል፤ የሚድኸውም ሕፃን በረመጥና በፈላ ውሃ ከመቃጠል ይድናል። እንጨትም አስቀድሞ ተፈልጦ በጥላ ሥር ይድረቅ፤ እርጥብ እንጨት ሙቀቱን የሚፈጀው የገዛ ራሱን ውሃ በማድረቅ ነውና፤ ጢሱም ይበዛል። ስለ ከሰል ግን ሁሉ ሊያውቀው የሚገባ ብርቱ ነገር አለ። ከሰል ጢስ የለውም ተብሎ በተዘጋ ቤት ሊቀጣጠል ከቶ አይገባም። ከርሱ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው መርዝ መልክም ሽታም የለውም፤ የተኛ ሰው ሳይነቃ ይሞትበታል።

በከተማ የሚኖር ሰው የኤሌክትሪክ ምጣድ ቢያገባ ጢሱ ፈጽሞ ይቀርለታል። ነገር ግን ይህ ምጣድ 3 ሺህ 500 ዋት ያህል ኃይል ይስባልና ለመብራት በተዘረጋ ቀጭን ሽቦ ላይ ቢሰካ ሽቦው ግሎ ቤት ያቃጥላል። ስለዚህ ለብቻው ወፍራም መስመርና ማቋረጫ በዐዋቂ እጅ ይዘርጋለት። ገንዘብ ለመቆጠብ ሲባል ሊታለፍ የማይገባው ወጪ ይህ ነው።

ሦስተኛው ግድግዳውና ወለሉ ነው። የተሰነጠቀ ግድግዳ አይፈርስም፤ ይመረጋል። ጭቃ ከጭድ ጋር ተረግጦ ጥቂት ቀን ይቦካል፤ የመጀመሪያው ምርጊት ደርቆ ስንጥቁን ካሳየ በኋላ ሁለተኛው ቀጭን ልስን ይደረብበታል። በላዩም ኖራ ሲቀባ ጨለማው ቤት በአንድ ቀን ይበራል። ነገር ግን ያልበረደ ኖራ ውሃ ሲነካው ይፈላል፤ ዓይንንም ያጠፋልና በሚበጠበጥበት ጊዜ ሕፃናት ይራቁ። ወለሉም ውሃ እንዳያቁር ወደ በሩ ወይም ወደ መፍሰሻው ጥቂት ዘንበል ይበል። የውሃ ማጠራቀሚያውም ክዳንና መክፈቻ ያለው ሆኖ ከምድጃው አጠገብ ቢቀመጥ መመላለሱ ይቀራል።

አራተኛው መደርደሪያው፣ ቀለሙና ጌጡ ነው። ይህም መልካም ነው፤ ነገር ግን ተራው መጨረሻ ነው። የተረፈ ሳንቃና የአሮጌ በር እንጨት ለመደርደሪያ ይበቃል።

ያለው ገንዘብ 10 እጅ ቢሆን፣ 4ቱ እጅ ለጢስ መውጫና ለምድጃ፣ 2ቱ ለግድግዳና ለወለል፣ 2ቱ ለውሃ፣ 1ዱ ለመደርደሪያ ይሁን። የቀረው 1ዱ እጅ እንዳለ ይቀመጥ፤ አሮጌ ቤት በተነካ ጊዜ ያልታሰበ ነገር ሳይገኝበት አይቀርምና። ገንዘቡ ለሁሉ የማይበቃ ከሆነም ከኋላ ይቆረጥ እንጂ ከፊት አይቆረጥ። መደርደሪያው ለከርሞ ቢቀር ማንም አይታመምም፤ የጢስ መውጫው ቢቀር ግን የሚታመም አለ።

ለዚህም የሚሆን ገንዘብ የለውም የሚባል ሰው ይገኛል። ነገር ግን አገሩ ከጥንት ጀምሮ ደቦና ዕቁብ አለው። ምርጊት የደቦ ሥራ ነው፤ የ10 ሰው ጉልበት በአንድ ቅዳሜ የማይጨርሰው ማድ ቤት በሰበካው ውስጥ ጥቂት ነው። እንዲሁም 10 ማኅበርተኞች በየወሩ ጥቂት ጥቂት አዋጥተው ለአንዱ ምድጃና ቧንቧ ቢገዙለት በ10 ወር 10 ማድ ቤት ይታደሳል። ዕጣ የሚወጣ ከሆነም የፊተኛው ዕጣ ያለ ክርክር ለመበለቲቱና ሕፃን ለምታዝለው ይተውላት።

በዚህ የኢዮቤልዩ በዓል ሕዝቡ የበላው እንጀራና ወጥ የተዘጋጀው በነዚሁ ማድ ቤቶች ነው። በዝክርና በማኅበር ቀን፣ ለሠርግና ለኀዘን፣ ሌሊት ተነሥተው እሳት የሚያነዱት እናቶችና እኅቶች ናቸው። ገበታው ሲቀርብ ይመረቃሉ፤ ምርቃቱም ተገቢ ነው። ከምርቃቱ ጋር ግን የጢስ መውጫ ቢሠራላቸው ለዓይናቸው ይጠቅማቸዋል። በበዓሉ ደስ ያለው ሰው ሁሉ ወደ ቤቱ ሲመለስ በእልፍኙ ሳይቀመጥ አስቀድሞ ወደ ጓሮው ይለፍ፤ ጣራውንና ምድጃውንም ይመልከት። የጀመረውንም ለመፈጸም እግዚአብሔር ይርዳው።