የካርቱም ውሳኔና አቶ ይድነቃቸው ተሰማ



ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በግጥምና በዜማ የታወቁ ሰው ነበሩ፤ ልጃቸው አቶ ይድነቃቸው ግን ስማቸውን ያስጠሩት በእግር ኳስ ነው። በ1914 ዓ.ም. ስለ ተወለዱ ጉርምስናቸው ከወረራው ዘመን ጋር ገጠመ። ለቅዱስ ጊዮርጊስ ቡድን ሲጫወቱ ፋሺስት ጥቁሩን ከነጩ በሕግ የሚለይበት ጊዜ ነበር። ይህን ሳናስብ በካርቱም የሆነውን ልናስተውለው አንችልም።

የካቲት 1 ቀን 1949 ዓ.ም. የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን በካርቱም ሲቋቋም፣ ከመሥራቾቹ አንዱ እርሳቸው ነበሩ። ለመጀመሪያው ዋንጫ የታሰቡት አራት አገሮች ብቻ ናቸው፤ ሱዳን፣ ግብፅ፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ። ደቡብ አፍሪካ ግን ወይ ነጮችን ብቻ ወይ ጥቁሮችን ብቻ እንጂ የተቀላቀለ ቡድን አልልክም አለች። መሥራቾቹም አልተቀበሏትም። ገና ለተወለደ ማኅበር ከአራት አንዱን ማጣት ቀላል አልነበረም፤ ቢሆንም በሦስት ቀሩ። የእኛ ቡድን ሳይጋጠም ለፍጻሜ ደረሰና በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፈ። (አራቱንም ያገባው አንድ ሰው፣ አድ ዲባ መሆኑ ሳይነገር አይታለፍም።)

በ1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ግብፅን 4 ለ 2 የረታውን ቡድን ያሠለጠኑ እርሳቸው ናቸው። ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞታቸው፣ እስከ ነሐሴ 1979 ዓ.ም.፣ ኮንፌዴሬሽኑን በፕሬዚዳንትነት መሩ። ተማሪዎቻችን የ1954ቱን ድል ሲያነሡ እንሰማለን፤ የካርቱሙን ውሳኔ የሚያነሣ ግን ጥቂት ነው።

ደቡብ አፍሪካ በ1988 ዓ.ም. ነጭና ጥቁር አሰልፋ፣ በነጩ አምበል በኒል ቶቪ እየተመራች፣ ያንኑ ዋንጫ በገዛ አገርዋ ወሰደች። አቶ ይድነቃቸው ካረፉ ያን ጊዜ ስምንት ዓመት አልፎ ነበር።