«ቀረበ» የምንለው መቼ ነው?
(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ ከአንድ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ የቀረበ ንግግር)



ንግግሬን በአንድ ጥፋቴ ልጀምር። ሥራ በጀመርኩበት ዓመት በሐምሌ ሪፖርቴ ላይ «የማዳበሪያ አቅርቦት ተጠናቋል» ብዬ ጻፍሁ። ማዳበሪያው ከተማ ካለው መጋዘን ገብቶ ስለነበር ውሸት አልመሰለኝም። በማግሥቱ አንድ አባት ጤፋቸውን ያለ ማዳበሪያ እየዘሩ አገኘኋቸው። «ልጄ፣ ቀርቧል ብላችኋል አሉ። ለማን ነው የቀረበው?» አሉኝ። መልስ አጣሁ።

ከዚያ ወዲህ የቆዩ መዝገበ ቃላትን ማገላበጥ ልማድ ሆነብኝ። አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ደክመውበት፣ ደቀ መዝሙራቸው ደስታ ተክለ ወልድ በ1948 ዓ.ም. ለኅትመት ያበቁት የግእዝ መዝገበ ቃላት አለ። ደስታ ራሳቸው ያዘጋጁት የአማርኛ መዝገበ ቃላትም በ1962 ዓ.ም. ታትሟል። እነዚህ ሊቃውንት ቃልን ከሥሩ እንድናይ አስተምረውናል። እኔም የሥራችንን ቃላት በዚሁ መንገድ ላያቸው ሞከርሁ።

«አቅርቦት» የቢሮ ቃል ነው፤ ሥሩ ግን «ቀረበ» ነው፤ ሩቅ የነበረው አጠገብ ሆነ ማለት ነው። እንግዲህ በአህያ የሦስት ሰዓት መንገድ ርቆ የተከማቸ ማዳበሪያ ተከማችቷል እንጂ አልቀረበም።

«ስንቅ» መንገደኛ ከመነሳቱ በፊት የሚያዘጋጀው ምግብ ነው። መንገደኛው ከሄደ በኋላ የደረሰ ስንቅ ስንቅነቱ ቀርቷል። ምርጥ ዘርና ማዳበሪያም የክረምት ስንቃችን ናቸው። ጤፍ ከተዘራ በኋላ የመጣ የዘር ወቅት ማዳበሪያ ለአባሉ ዕዳ ብቻ ይሆንበታል።

«ቀለበ» ሁለት ፍቺ አለው። አንዱ በልክ መመገብ ነው፤ የወታደርና የተማሪ ቀለብ ከዚህ ይመጣል። ሌላው የተወረወረን ነገር መሬት ሳይነካ መያዝ ነው። የእኛም ሥራ ሁለቱንም ይጠይቃል፤ ልክም ጊዜም። ለዓመታት ስናስተምረው የኖርነው ምክር ለሄክታር አንድ ኩንታል ዳፕና አንድ ኩንታል ዩሪያ ነበር። ዛሬ የማዳበሪያው ዓይነትና መጠን እንደ አፈሩ ቢለያይም፣ ሃምሳ ኪሎ የተባለ ከረጢት ሃምሳ ኪሎ ሆኖ መገኘት አለበት።

«ድርጎ» ደግሞ በቀድሞው ዘመን ለእንግዳና ለመንገደኛ በመንግሥት ትእዛዝ የሚሰጥ የዕለት ቀለብ ነበር። ሸክሙ የሚያርፈው በባላገሩ ጫንቃ ላይ ነው። ተቀባዩም የሰጡትን ይቀበላል እንጂ «ለምን ዘገየ?» ብሎ ሂሳብ አይጠይቅም። የኅብረት ሥራ ማኅበር አባል ግን ድርጎ ተቀባይ አይደለም። ዕጣ ገዝቶ፣ መዋጮ ከፍሎ የገባ ባለቤት ነው። ቀድሞ በአዋጅ ቁጥር 147/1991፣ በኋላም በተተካው አዋጅ ቁጥር 985/2009 የተደነገገው ይኸው ነው። ስለዚህ «ለምን ዘገየ?» ብሎ መጠየቅ መብቱ ነው። መልስ መስጠትም የእኛ ግዴታ ነው።

ክቡራን፣ ሐሳቤ አጭር ነው። ከእንግዲህ በሪፖርታችን ላይ «ቀረበ» የምንለው ሦስት ነገር ሲሟላ ብቻ ይሁን፦ ዕቃው መሠረታዊ ማኅበሩ መጋዘን ሲደርስ፣ ከዘር ጊዜ በፊት ሲደርስ፣ በአባላት ፊት ተመዝኖ ሲረጋገጥ። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ «በመንገድ ላይ ነው» ብለን እንጻፍ። ይህን መጻፍ ለጊዜው ያሳፍር ይሆናል። ነገር ግን ጉድለቱን በጊዜ ያወቀ ኃላፊ መኪና ሊልክ ይችላል፤ «ተጠናቋል» የሚል ወረቀት የደረሰው ግን ምን ብሎ ይልካል?

ያን አባት በመኸር ጊዜ ስጠይቃቸው፣ «ሰማይ ጨክኖ ቢሆን ኖሮ ጎተራዬ ባዶ ነበር» አሉኝ። የዩኒየናችን አባል ሰማይን ብቻ ተስፋ እንዳያደርግ፣ ቃላችንና ሥራችን አንድ ይሁኑ።