ካሜራውን ጣት ይወቀው



በወላይታ ሶዶ በጊፋታ ዕለት ካሜራ ይዞ የወጣ ሰው ብርሃን እንዴት እንደሚፈትን ያውቃል። በዓሉ ከመስከረም 14 እስከ 20 ባለው እሑድ ስለሚውል የክረምቱ ደመና ገና ጨርሶ አልጠራም። ከዳሞት ተራራ የመጣ ደመና ፀሐይዋን ይጋርዳል፤ ወዲያው ደግሞ ይገልጣታል። ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር ዱንጉዛ የለበሰው ጨፋሪ የዘለለው ዝላይ ግን ለእኛ ተብሎ አይደገምም።

ከዚያ ፎቶ አንሺው ቤት ይገባል። ደጅ በአይ.ኤስ.ኦ 100፣ በኤፍ 8 እና በሰከንድ 1/500 ሲያነሣ የነበረ ሰው፣ የበዓሉን ምግብ ሙቹዋ የምታቀርበውን እናት በበሩ ብርሃን ብቻ ለማንሣት አይ.ኤስ.ኦውን 3200፣ አፐርቸሩን ኤፍ 2.8፣ ሻተሩን 1/60 ማድረግ አለበት። ባለ ሁለት መሽከርከሪያ ካሜራ የያዘ አንዱን በሌባ ጣቱ፣ ሌላውን በአውራ ጣቱ ያዞራል፤ ዓይኑ ከመመልከቻው አይነሣም። በብዙዎቹ ባለ አንድ መሽከርከሪያ ካሜራዎች ግን፣ በማኑዋል ሲሠራ፣ አፐርቸሩን ለመቀየር ሌላ ቁልፍ ተጭኖ መያዝ ግድ ነው። አይ.ኤስ.ኦው ሜኑ ውስጥ ከተደበቀማ፣ እናቲቱ ገበታውን አስቀምጣ ወደ ጓዳ ተመልሳለች።

የካሜራ አምራቾቹም መቆጣጠሪያው ጣት በቀላሉ የሚያገኘው መሆን እንዳለበት ቀስ በቀስ ተምረዋል። ካነን እ.ኤ.አ. በ1986 ባወጣው ቲ90 መሽከርከሪያውን ከሻተር ቁልፉ ኋላ አደረገው፤ ዛሬም የምንይዛቸው ብዙ ካሜራዎች የዚያን አሠራር ይከተላሉ። ሶኒ በተዝረከረከ ሜኑው ለዓመታት ሲወቀስ ቆይቶ በ2020 በኤ7ኤስ 3 እንደ አዲስ አደራጀው።

እኛ ዘንድ ሌላም ሸክም አለ፤ እኔን አብዝቶ የሚያሳስበኝም እሱ ነው። አፉን በወላይትኛ የፈታ ወጣት ሜኑውን በእንግሊዝኛ ያነባል። ትርጉሙ ስላልተብራራለት ቦታውን ይሸመድዳል፦ «ሦስተኛው ገጽ፣ አራተኛው መስመር።» ካሜራ የቀየረ ቀን ያ ሁሉ እውቀት አብሮ ይጠፋል።

ስለዚህ ወጣቶች፣ በበዓል ቀን ሜኑ አትክፈቱ። ካሜራችሁ ሲ 1 እና ሲ 2 የሚባሉ የቅንብር ማስቀመጫዎች ካሉት የደጁን ቅንብር በአንዱ፣ የቤቱን በሌላው ዋዜማውን አስቀምጡ። ካሜራ ልትገዙ ስትሄዱም ሜጋፒክሰሉን ከመጠየቃችሁ በፊት ጨብጡት፤ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ የአይ.ኤስ.ኦውን ቁልፍ ፈልጉ። ጣታችሁ ካልደረሰበት ሌላ እዩ። ሥልጠና የምትሰጡ ባለሙያዎች ደግሞ፣ ስለ ሌንስ ከማውራታችሁ በፊት የእያንዳንዱን ቁልፍ ሥራ በወላይትኛና በአማርኛ አስረዱልን።