ዘካ፣ ድርቅና የገበሬው በሬ
(ለዕርዳታና ለመልሶ ማቋቋም ሠራተኞች ከተደረገ ንግግር)




ድርቅ በገባበት አገር ለተራበው ሰው የሚደርሰው ዕርዳታ ከሁለት ወገን ይመጣል። አንደኛው ከሩቅ ተጭኖ የሚመጣው፣ በመጋዘን የሚራገፈው፣ በደረሰኝና በመዝገብ የሚታወቀው እህልና ገንዘብ ነው። ሁለተኛው ከዚያው ከአገሩ የሚወጣው፣ ያለው ለሌለው የሚያደርሰው ነው። በሪፖርታችን ስለ መጀመሪያው ገጽ በገጽ እየጻፍን፣ ሁለተኛውን «ሕዝቡ እርስ በርሱ ይረዳዳል» በሚል አንድ ዐረፍተ ነገር እናልፈዋለን። ዛሬ የምናገረው ከዚህ ከሁለተኛው ወገን ስለሚመደበው ስለ ዘካ ነው። በወሎ፣ በሐረርጌ፣ በባሌ፣ በአፋርና በሶማሌ አካባቢ የተመደበ ሠራተኛ ይህን ሥርዓት ሊያውቀው ይገባል ብዬ አምናለሁ፤ የምንረዳው ሕዝብ አብዛኛው የሚተዳደርበት ሕግ ነውና።

በመጀመሪያ አንድ የቃል አጠቃቀም ማረም ያስፈልጋል። ዘካን ብዙዎች «ምጽዋት» እያሉ ይተረጉሙታል። ይህ አተረጓጎም ያሳስታል። ምጽዋት ሰጪው ልቡ ሲራራ፣ በፈለገው ቀን፣ የፈለገውን ያህል የሚሰጠው ሲሆን፣ ሙስሊሙ ይህን ሰደቃ ይለዋል። ዘካ ግን ከአምስቱ የእስልምና ማዕዘኖች አንዱ ነው፤ መጠኑ የታወቀ፣ ጊዜው የተወሰነ፣ ተቀባዩም የተቆረጠ ግዴታ ነው። ቃሉ በዐረብኛ መጥራትንም ማደግንም ያመለክታል። በሀብታሙ ገንዘብ ውስጥ የድኃው ድርሻ ተቀላቅሎ ይገኛል፤ ያ ድርሻ እስካልወጣ ድረስ ገንዘቡ አልጠራም። ስለዚህ ዘካ ያወጣ ሰው የሌላውን ሰው ድርሻ ለባለቤቱ አስረከበ እንጂ ከራሱ ቆርሶ ሰጠ አይባልም። ተቀባዩም መብቱን ስለሚቀበል አንገቱን የሚደፋበት ምክንያት የለውም።

ግዴታው የሚጀምርበት የሀብት ወለል ኒሳብ ይባላል። ጥሬ ገንዘብ ወይም የንግድ ዕቃ ያለው ሰው፣ ሀብቱ 85 ግራም ያህል ወርቅ ወይም 595 ግራም ያህል ብር የሚያወጣውን ዋጋ ደርሶ አንድ የጨረቃ ዓመት ከሞላው፣ ከመቶ ሁለት ተኩል ያወጣል። በእህል ረገድ አብዛኞቹ ሊቃውንት የሚቀበሉት ወለል አምስት ወስቅ ሲሆን፣ ይኸውም በዛሬ ሚዛን ስድስት ኩንታል ተኩል ገደማ ነው። በዝናብ ከበቀለው ከዐሥር አንድ፣ በመስኖ በድካምና በወጪ ከለማው ከሃያ አንድ ይወጣል፤ የሚወጣውም እህሉ እንደተሰበሰበ ነው እንጂ ዓመት አይጠበቅም። ዐሥር ኩንታል ማሽላ ያገባ ገበሬ አንድ ኩንታል ያወጣል፤ ያንኑ ያህል በሞተር ውሃ ያለማ ግማሽ ኩንታል ብቻ ይጠየቃል፤ አራት ኩንታል ያገባ ምንም አይጠየቅም። ሕጉ ዝናብ በነፃ የሰጠውንና ሰው በላቡ ያገኘውን ለይቶ መመልከቱን ልብ ይሏል።

ለአርብቶ አደሩ ደግሞ ቆጠራው ግመል ከአምስት፣ የቀንድ ከብት ከሠላሳ፣ በግና ፍየል ከአርባ ይጀምራል። አርባ ፍየል ያለው አንድ ፍየል፣ ሠላሳ ከብት ያለው ዓመት የሞላው አንድ ጥጃ፣ አምስት ግመል ያለው አንድ በግ ወይም ፍየል ያወጣል። ሰብሳቢው ከመንጋው ምርጡን እንዳይወስድ፣ ባለ ከብቱም በሽተኛውንና አንካሳውን እንዳያስረክብ ሁለቱም ተከልክለዋል።

ይህን ሁሉ ቁጥር ያነሣሁት በድርቅ ጊዜ የሚሆነውን ለማስረዳት ነው። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በሶማሌና በቦረና አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ሲከሽፉ ከብት በሚሊዮን አልቋል። ስድሳ ፍየል የነበረው ሰው ሠላሳ ሲቀሩት ከሰጪነት ይወጣል፤ ሠላሳዎቹም ሲያልቁ ከተቀባዮቹ ተራ ይቆማል። መንጋው ያለ ባለቤቱ ጥፋት ዓመቱ ሳይሞላ ካለቀ ግዴታውም አብሮ ይወርዳል። ስለሆነም በአንድ አካባቢ ችግር በበረታ መጠን የዚያው አካባቢ ዘካ ይመነምናል። «ሀብታሞቻቸው ለምን አይረዷቸውም?» የሚል ጥያቄ ከቢሮ ጠረጴዛ ላይ በቀላሉ ይነሣል፤ ነገር ግን በተጎዳው ወረዳ ውስጥ በሕጉ መሠረት ሀብታም የሚባል ሰው በዚያ ዓመት ላይገኝ ይችላል።

እስልምና ይህን ሁኔታ ገና በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ገጥሞት ነበር። በ18 ዓመተ ሂጅራ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. በ639 ገደማ፣ በዐረብ ምድር «የአመድ ዓመት» የተባለ ጽኑ ድርቅ ገባ። የዚያን ጊዜው ኸሊፋ ዑመር ኢብን አል-ኸጣብ ከሶርያ እህል እንዲላክ አዘዙ፤ ሕዝቡ እስኪጠግብ ድረስ እርሳቸውም ቅቤና ሥጋ መብላት ተዉ። የከብቱንም ዘካ በዚያ ዓመት ሳያሰበስቡ አቆዩት። ዝናብ ዘንቦ ሕዝቡ ሲያገግም የሁለት ዓመቱ በአንድነት እንዲሰበሰብና ግማሹ እዚያው ለችግረኞች እንዲከፋፈል ማዘዛቸው ይተረካል። ግዴታው ቀረ አላሉም፤ የሚሰበሰብበትን ጊዜ ግን ከሰው አቅም ጋር አስማሙት። በችግር ዓመት ከገበሬው የማዳበሪያ ዕዳ ለመሰብሰብ የሚወጣ ሰው ይህን ታሪክ ቢያነብ መልካም ነበር።

አሁን ለሥራችን እጅግ ቅርብ ወደሆነው ጉዳይ ልለፍ። ዘካ ለማን ይሰጣል? ቁርኣን በሱረቱ አት-ተውባ 60ኛ አንቀጽ ስምንት ወገኖችን ይዘረዝራል። ድኆችና ችግረኞች በመጀመሪያ ይጠራሉ፤ የዘካ ሠራተኞች፣ ልባቸው የሚቀረብ ሰዎች፣ ከባርነት የሚወጡ፣ ባለ ዕዳዎች፣ በአላህ መንገድ የሚደክሙና መንገደኛ ይከተላሉ። ከእነዚህ አንዱንም የማይመስል ሰው፣ ሰጪው ምንም ያህል ቢወደው፣ ከዘካ አይቀበልም። እናት አባቱን ወይም ልጁን በዘካ የሚረዳ ሰውም ዘካውን አላወጣም፤ ቀድሞውኑ የመጦር ግዴታ አለበትና።

እንግዲህ ድኃ የሚባለው ማን ነው? እዚህ ላይ ሊቃውንቱ የሰጡት ፍርድ ከብዙ የምዝገባ መመሪያ የተሻለ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። የሚኖርበት ቤት፣ የሚለብሰው ልብስ፣ የሚሠራበት መሣሪያ ያለው ሰው፣ ገቢው ለኑሮው ካልበቃው ድኃ ነው። ቤትህን ሸጠህ ብላ፣ መሣሪያህን ሸጠህ ልጆችህን አብላ አይባልም። ለእርሻ የሚጠመድ በሬም፣ በአብዛኞቹ ሊቃውንት ዘንድ፣ ዘካ አይቆጠርበትም፤ በሬው የገበሬው እጅና እግር እንጂ የተከማቸ ሀብት አይደለምና።

ይህን ከአገራችን ታሪክ ጋር አነጻጽሩት። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በወሎ፣ በ1976 እና በ1977 ዓ.ም. ደግሞ በሰሜኑ ክፍል በሰፊው በደረሰው ረሃብ፣ ገበሬው ከቤቱ ተነሥቶ መንገድ ዳር የወጣው በአንድ ቀን አይደለም። አስቀድሞ ፍየሉን ሸጠ፤ ቀጥሎ ላሙን ሸጠ፤ በመጨረሻ የእርሻ በሬውን በወደቀ ዋጋ ለነጋዴ ሰጠ። ከዚያ በኋላ ዝናቡ ቢመለስም የሚያርስበት አልነበረውም። ተመዝጋቢውን «በሬ አለህ?» ብሎ የሚጠይቅና «አለኝ» ያለውን ከመዝገብ የሚሰርዝ አሠራር፣ ገበሬውን በተዘዋዋሪ መንገድ «በሬህን ሸጠህ ና» ማለቱ ነው። የዚያ ሰው የቀጣይ ዓመት ረሃብ ምክንያቱ ከሰማይ ብቻ የመጣ አይሆንም። በዘካ ሥርዓት ግን ሁለት ጥማድ በሬ በግቢው ያሰረ ገበሬ ጎተራው ባዶ ከሆነ ያለ አንዳች ማወላወል ተቀባይ ነው።

ምን ያህል ይሰጠዋል? በዚህ ላይ ሊቃውንቱ ይለያያሉ። በማሊኪዎች ዘንድ ለአንድ ዓመት የሚበቃው ይሰጠዋል። ሐነፊዎች ለአንድ ሰው ከወለሉ የሚደርስ መስጠትን አይወዱም። ከሻፊዒዎቹ ታላላቅ ሊቃውንት አንዱ የሆኑት፣ እ.ኤ.አ. በ1277 ያረፉት ኢማም ነወዊ ግን፣ ባለ እጁ ሰው መሣሪያው፣ ነጋዴው መነሻ ገንዘቡ፣ ገበሬውም ከእርሻ የሚኖርበት ነገር ሊሰጠው እንደሚገባ ጽፈዋል፤ ሐሳቡ ሁለተኛ ለልመና እንዳይመለስ ነው። እኛ መልሶ ማቋቋም የምንለው ይኸው ነው። በአገራችን ሻፊዒም ሐነፊም በብዛት ስለሚገኙ፣ ከአንድ ወረዳ የዘካ ኮሚቴ ጋር ስለ በሬ ግዥ የሚነጋገር ሠራተኛ የአካባቢው ዓሊሞች በየትኛው እንደሚሄዱ አስቀድሞ ይጠይቅ። ከአንድ ሰው ዘካ አንድ በሬ ባይገዛም ከሃያ ነጋዴ ዘካ ይገዛል። ነገር ግን በሬው በገበሬው ስም ተሰጥቶ የራሱ ንብረት መሆን አለበት። ብዙዎቹ ሊቃውንት ዘካ በተቀባዩ እጅ ካልገባ አልወጣም ስለሚሉ፣ የጋራ ጉድጓድ ማስቆፈርን ወይም መንገድ ማሠራትን ከዘካ ገንዘብ መጠየቅ ክርክር ያስነሣል። ለዚያ ዐይነቱ ሥራ ሰደቃና ወቅፍ አለ። በተመሳሳይ ምክንያት፣ ለድኃው ያበደረውን ምሬዋለሁ ብሎ ያንን እንደ ዘካው የሚቆጥር ነጋዴ በአብዛኞቹ ሊቃውንት ዘንድ ተቀባይነት የለውም።

ሌላው ጠቃሚ ነገር የጊዜው ጉዳይ ነው። ከኢማም ማሊክ በስተቀር አብዛኞቹ ሊቃውንት የገንዘብና የከብት ዘካን ዓመቱ ሳይሞላ አስቀድሞ ማውጣትን ይፈቅዳሉ፤ ነቢዩ ሙሐመድ አጎታቸው ዐባስ ዘካቸውን አስቀድመው እንዲከፍሉ መፍቀዳቸውን የሚያስረዳ ዘገባ አለ። የበልግ ዝናብ መክሸፉ በታወቀ ጊዜ፣ ገበሬው በሬውን ወደ ገበያ ሳይነዳ፣ የከተማው ነጋዴ የሚመጣውን ዓመት ዘካ ዛሬ ሊያወጣ ይችላል ማለት ነው። የቅድመ ማስጠንቀቂያ መረጃችን እስካሁን የሚደርሰው ለመሥሪያ ቤቶችና ለለጋሾች ነው። ለመስጊድ ኢማሞችና ለዘካ ኮሚቴዎች የማይደርስበት ምክንያት ለእኔ አይታየኝም።

ዘካው ከሌላ አገር ቢመጣስ? ነቢዩ ሙዓዝ ኢብን ጀበልን ወደ የመን በላኩ ጊዜ፣ የዚያው አገር ሀብታሞች ዘካ ለዚያው አገር ድኆች እንዲከፋፈል አዘዋል። በዚህ መነሻ ሻፊዒዎች በቦታው ድኃ እያለ ዘካን ከቦታው ማንሣትን ይከለክላሉ፤ ሐነፊዎች ግን ይበልጥ ለተቸገረ ወይም ለዘመድ ሲሆን ይፈቅዳሉ። በዘመናችን ብዙ ዘካ ድንበር ይሻገራል። እ.ኤ.አ. በ1984 በአፍሪካ በደረሰው ረሃብ ምክንያት በእንግሊዝ አገር የተቋቋመው ኢስላሚክ ሪሊፍ ለዚህ ምሳሌ ነው፤ የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽንም እ.ኤ.አ. በ2019 የስደተኞች የዘካ ፈንድ አቋቁሟል።

ስለ ሠፋሪውም አንድ ነገር ልበል። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. 600 ሺህ ያህል ሰዎች ከሰሜን ወደ ምዕራብና ወደ ደቡብ ምዕራብ ተወስደዋል፤ ብዙዎቹ ያለ ፈቃዳቸው ነበር፤ ከቤተሰቡ የተለየው፣ በበሽታም ያለቀው ብዙ ነው። ከወሎ የሄደ ሙስሊም በትውልድ ቀዬው መሬትና ቤት ትቶ ባዶ እጁን ኢሉባቦር ሲደርስ፣ በዘካ ሕግ መንገደኛ ነው፤ ያለው ሀብት ሊደርስበት የማይችለው ስለሆነ አይቆጠርበትም። ዛሬም ከቀዬው የተፈናቀለ ሰው እንዲሁ ነው። «አገርህ ላይ መሬት አለህ» ተብሎ አይመለስም። ሠፋሪው ቆይቶ በአዲሱ ቦታ ዐሥር ኩንታል በቆሎ ቢያገባ፣ ዘካው በቅድሚያ የሚገባው ለዚያው መንደር ድኃ ነው፤ ወሎ ለቀሩት ወንድሞቹ ልላክ ቢል የሐነፊው መንገድ ይከፈትለታል።

በመጨረሻ እጅግ ጥንቃቄ የሚያስፈልገውን ላንሣ። አብዛኞቹ ሊቃውንት ዘካ ለሙስሊም ችግረኛ እንደሆነ፣ ሰደቃ ግን ለማንኛውም የሰው ልጅ እንደሚሰጥ ያስተምራሉ። እኛ ደግሞ ተረጂን በሃይማኖት አንለይም። ወሎን ለሚያውቅ ሰው ይህ ቀላል ጥያቄ አይደለም፤ በአንድ ደጃፍ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ተዛምደው ይኖራሉ። በእኔ አስተያየት መፍትሔው በሒሳብ መዝገብ ላይ ነው። የችግረኞች ስም ዝርዝር አንድ ይሁን፤ ራሽኑም ለሁሉም እኩል ይሁን። የዘካው ገንዘብ ግን በተለየ ሒሳብ ተይዞ፣ ሕጉ ለሚፈቅድላቸው ተመዝጋቢዎች ድርሻ ይዋል፤ በዚህ የተረፈው ጠቅላላ ገንዘብ የሌሎቹን ድርሻ ይሸፍን። ከሰልፉ ላይ ማንም ልዩነት አያይም፤ ዘካ ያወጣውም ሰው አደራው አልተበላም። የማጓጓዣና የደመወዝ ወጪም እንዲሁ ነው፤ ለዘካ ሠራተኞች ድርሻ ቢኖርም ሻፊዒዎች ከስምንት አንድ እጅ እንዳያልፍ ይወስኑታል። ስለዚህ የመኪና ኪራዩን በዝምታ ከዘካው ላይ መቁረጥ አይገባም፤ ከሌላ በጀት ቢሸፈን ይመረጣል።

ዒድ አል-ፊጥር ሲቃረብ የሚወጣው ዘካተል ፊጥር ከዚህ ይለያል። ለእያንዳንዱ የቤተሰብ አባል ሁለት ተኩል እስከ ሦስት ኪሎ የሚደርስ የአገሩ ዋና ምግብ ይወጣል፤ በድኃውም እጅ መግባት ያለበት ከዒድ ሶላት በፊት ነው፤ ከዚያ ከዘገየ እንደ ተራ ሰደቃ ይታያል። በአደራ ተሰብስቦ በመጋዘናችን የሚቀመጠውን ይህን እህል የሚጭነው መኪና እንግዲህ ከረመዳን የመጨረሻ ሳምንት በፊት ይመደብ።