የግቢ አድራሻና ተንቀሳቃሽ ስልክ
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሮች ስም የተነገረ)



ዛሬ የምንናገረው ሁላችሁም በኪሳችሁ ስለያዛችሁት ስልክ ነው፤ ይኸውም ስልኩ ከቦታ ወደ ቦታ ሲዘዋወር በአድራሻ ምክንያት ስለሚደርስበት ችግር ነው።

እንደሚታወቀው ማናቸውም ስልክና ኮምፕዩተር በኢንተርኔት ለመነጋገር በቁጥር የተጻፈ አድራሻ ያስፈልገዋል። በቀድሞው ሥርዓት ሊገኙ የሚችሉት ቁጥሮች በጠቅላላው 4,294,967,296 ናቸው። ይኸም ለዓለም መሣሪያ ሁሉ የማይበቃ ስለሆነ፥ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1996 በወጣው ደንብ ሦስት የቁጥር ክፍሎች ለግቢ ውስጥ ብቻ እንዲያገለግሉ ተለይተዋል። ከነዚህ መካከል በየቤታችን የምናገኘው አብዛኛውን ጊዜ በ192.168 የሚጀምረው ነው። ማንም ሰው ፈቃድ ሳይጠይቅ ይሠራበታል፤ መልእክቱ ወደ ውጭ ሲወጣ ግን በር ላይ ያለው ራውተር አድራሻውን ይለውጠዋል። ነገሩ እንደ ቀበሌ የቤት ቁጥር ነው። ቁጥር 110 በየቀበሌው ይኖራል፤ ቀበሌው ካልተነገረ ግን ቁጥሩ ብቻውን እንግዳን የትም አያደርስም።

ቤት ከቦታው አይነቃነቅም፤ ስልክ ግን ይሄዳል። ችግሩም የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው።

በአንድ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ኪዊክስ የሚባል ፕሮግራም ያላት ትንሽ ኮምፕዩተር አለች እንበል። ይህ ፕሮግራም ዊኪፔዲያን ያለ ኢንተርኔት የሚያስነብብ ስለሆነ፥ የሞባይል ካርድ መግዣ ለሌለው ተማሪ ጥቅሙ ታላቅ ነው። አድራሻዋ 192.168.1.10 ቢሆን፥ ተማሪው በግቢው ዋይፋይ ደኅና አድርጎ ያነባል። ማታ ቤቱ ገብቶ ያንኑ ቁጥር ቢጠራ ግን የሚመልስለት የአባቱ ቴሌቪዥን ሊሆን ይችላል። ይኸ ያስቃል። ነገር ግን ስልኩ የምሥጢር ቃሉን ሳይሰውር በግልጽ ወደዚያ ቁጥር የሚልክ ቢሆንና ልጁ በአንድ ሻይ ቤት ዋይፋይ ቢጠቀም፥ ቃሉ ከማያውቀው ሰው እጅ ሊወድቅ ይችላል። ይኸ ደግሞ አያስቅም።

አድራሻው 128 ቢት የሆነው አዲሱ ሥርዓትም በመጀመሪያ ከዚሁ ችግር አላመለጠም። በዚያ ሥርዓት ለድርጅት ግቢ የተመደቡት አድራሻዎች በየግቢው አንድ ዓይነት ሊሆኑ ስለቻሉ በ2004 ተሻሩ። በ2005 የተተኩት ግን በውስጣቸው በዕጣ የሚወጣ የ40 ቢት ቁጥር አላቸው፤ ይኸም ከ1,099,511,627,776 ቁጥሮች አንዱ ማለት ነው። በወንጌል ማርያም የሚባሉት ሴቶች ብዙ ስለሆኑ አንደኛይቱ መግደላዊት ተብላ እንደምትለይ፥ ይህ ቁጥርም ግቢን ከግቢ ይለያል። ቤተ መጻሕፍቱ እንዲህ ያለውን አድራሻ ቢይዝ፥ ተማሪው ከቤቱ ሲጠራው ማንም አይመልስለትም። ሌላ ሰው ከሚመልስ ማንም ባይመልስ ይሻላል እንላለን።

ለጓደኞቻችን አንድ ነገር እንጨምር። ስልክ ሁለት በር አለው፤ አንዱ ዋይፋይ፥ ሁለተኛው የሞባይል መሥመር ነው። ብዙ ስልኮች ዋይፋዩ ወደ ውጭ እንደማያወጣ ሲያዩ ወደ ሞባይሉ መሥመር ይዞራሉ፤ ያ መሥመር ደግሞ የቤተ መጻሕፍቱን ኮምፕዩተር አያውቃትም። ስለዚህ ከአጠገቧ ተቀምጣችሁ ገጹ አልከፈት ቢላችሁ፥ የቤተ መጻሕፍቱን ኃላፊ ከመውቀሳችሁ በፊት የሞባይል ዳታውን ዝጉና እንደገና ሞክሩ።