ከሶላር ፓምፕ የሚተርፈው ኃይል ምን ያስገኛል?
ለሞዴል አርሶ አደሮች ሥልጠና የቀረበ ንግግር፣ ማጀቴ



ሽንኩርቱ ከተነሳ በኋላ ወይም ክረምቱ ሲገባ ፓኔሉ ሥራ ፈቶ ይቆማል። «ትርፉን ኃይል ለመብራት መስመር ብንሸጠውስ?» የሚለው ጥያቄ ስለዚህ ተገቢ ነው።

በሌላው ዓለም ይህ ይደረጋል። ኔት ሜተሪንግ ይሉታል፦ ቆጣሪው የወሰዳችሁትንም የሰጣችሁትንም ይመዘግባል፤ የምትከፍሉት ልዩነቱን ነው። በኬንያ የ2024 እ.ኤ.አ. ደንብ ወደ መስመር ከሚገባው ኃይል ለባለቤቱ የሚታሰብለት ግማሹ ነው። በህንድ ጉጅራት ዱንዲ በተባለች መንደር ደግሞ በ2016 እ.ኤ.አ. 6 ገበሬዎች ማኅበር መሥርተው የፓምፓቸውን ትርፍ ኃይል ለኤሌክትሪክ ድርጅት መሸጥ ጀምረዋል።

እኛ ዘንድ ይህ አሠራር ገና አርሶ አደሩ ማሳ አልደረሰም። ቢደርስስ ስንት ያስገኛል? በምሳሌ እንየው። 2 ኪሎዋት ፓኔል አቧራውና ሙቀቱ ተቀንሶ በቀን 8 ኪሎዋት ሰዓት ይሰጣል እንበል፤ በወር 240 ይሆናል። እንደ ኬንያ ግማሹ ቢታሰብ 120 ነው። የአገራችን ኤሌክትሪክ በአብዛኛው ከውኃ ኃይል ስለሚመነጭ ዋጋው ዝቅ ያለ ነው፤ ገቢው ብዙ አይሆንም። ያው 240 ኪሎዋት ሰዓት በመስኖ ወር ውኃ ቢስብ ግን፣ በአነስተኛ ሞተር 1 ሊትር ናፍጣ ከ2 እስከ 3 ኪሎዋት ሰዓት ስለሚሰጥ፣ 100 ሊትር ያህል ናፍጣ ይተካል። ሊትሩን በገዛችሁበት ዋጋ አባዙት። ትልቁ ትርፍ ከመሸጥ ሳይሆን ነዳጅ ከመተካት ይገኛል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለ። ናፍጣ ዋጋ ስላለው ሞተሩን ቶሎ እናጠፋለን፤ ፀሐይ ነፃ ስለሆነች ፓምፑ ቀኑን ሙሉ ይውላል። የዱንዲ ገበሬ ያልሳበው ውኃ በኤሌክትሪክ ሽያጭ ገንዘብ ስለሚሆንለት ፓምፑን የሚያቆምበት ምክንያት አለው። እኛ ግን ራሳችን ካልቆጠብን የጉድጓዱ ውኃ ይወርዳል፣ የጎረቤት ጉድጓድ ይነጥፋል፣ ማዳበሪያው ታጥቦ ከሥር በታች ይሰርጋል።

ስለዚህ፦

1. የፓኔሉን መጠን በሰብሉ የውኃ ፍላጎት ልክ ምረጡ። «ወደፊት እሸጠዋለሁ» ብላችሁ ትልቅ አትግዙ።
2. ማሳችሁ የሚዋሰን ከሆነ ሁለት ሦስት ሆናችሁ ግዙና በተራ ተጠቀሙ፤ የመትከያ ጊዜያችሁን ብታፈራርቁ ፓኔሉ ሥራ የሚፈታባቸው ቀናት ያንሳሉ።
3. ፓምፑ በሚቆምበት ወር ኃይሉን ለቤት መብራትና ለስልክ ቻርጅ አውሉት። ባትሪ ካስፈለገ ዋጋውን አስቀድማችሁ አስሉ፤ ሥራውንም ለባለሙያ ስጡ።
4. መስመር በአጠገባችሁ ካለ፣ ኢንቨርተር ስትገዙ ወደፊት ከመስመር ጋር መያያዝ ይችል እንደሆነ ሻጩን ጠይቁ።

ለቡድን ውይይት፦ እያንዳንዳችሁ ባለፈው የመስኖ ወቅት ለነዳጅ ያወጣችሁትን ደምሩና ከፓኔሉ ዋጋ ጋር አነጻጽሩ። በስንት ወቅት ይመልሳል? መልሱን ለልማት ቡድናችሁ አቅርቡ።